ፀሐይ የማትገባበት ሌንስ

«ደሳለኝ ዛሬ ፎቶው ላይ ይግባ እንጂ ሳምንት ሳይሞላው ይሰቀላል» ሲል በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት። የተናገረው የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ፈንታሁን ነው፤ የሚያዳምጠው ደግሞ አብሮት የመጣ አስካሪ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደር። እኔ ከግድግዳው ወዲያ፣ ጨለማው ክፍል ውስጥ፣ እጄን እስከ ክርኔ ውሃ ውስጥ ነክሬ ለይለፍ ወረቀት የተነሱትን የትናንት ፎቶዎች እያጠብኩ ነበር። ግድግዳ አልኩት እንጂ ጭቃ የተመረገ ጭራሮ ነው፤ ወዲያ የተነፈሰ ወዲህ ይሰማል። ባሌን ከማልን ፈልገው መጥተው «የለም» ብያቸው ነበር። ይመጣ እንደሆን ብለው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉና መኖሬን ረስተው ወሬያቸውን ቀጠሉ። ሰው ፎቶ ቤት ሲገባ ፊቱ የተገተረውን ካሜራ ነው የሚያየው፤ ከጀርባ ሆና የምታጥበውን ሴትዮ ማን ያስባታል?

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ ጠቋሚ አለ። ስሙን አልጠሩትም እንጂ ባውቀውማ ኖሮ! ደሳለኝን በመልክ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው፤ ግን አደባባይ ወጥቶ በጣቱ ለማሳየት ወኔው የለውም፤ ከጣሊያኖቹ ግቢ ንቅንቅ አልልም ብሏል። የጣሊያኖቹ መቶ አለቃ ታዲያ ዘዴ አመጣ። ቀኑ በሠላሳ ዓመተ ምሕረት ጥር ሃያ አንድ ነው፤ አስተርዮ ማርያም። አገሩ በሙሉ ለንግሥ ደብረ ታቦር ገብቷል። ሕዝቡን ሜዳው ላይ ይደረድርና ከጣሊያን ባስመጣው አዲስ ካሜራ ፎቶ ያነሳዋል፤ ጠቋሚው ግቢ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሻዩን እየጠጣ ፎቶው ላይ ጣቱን ያሳርፋል፤ ከዚያ ያ ፊት ለየኬላው ይበተናል። ፈንታሁን ይህን ሲያወራ ይስቅ ነበር። ደሜ ፈላ! ሰው ስለቱን ሊያስገባ በመጣበት ቀን? በዓመት በዓል? እኔ እስላም ነኝ፣ ግን ይሄ ለእስላምም ለክርስቲያንም ነውር ነው። የአንድ የበርበሬ ነጋዴ ፎቶ ከጣቴ አምልጦ መሬት ወደቀ።

ደሳለኝ የጎረቤቴ የትርንጎ ወንድም ነው። ከሐሙሲት ወዲያ ጫካ ከገባ ዓመት አልፎታል። ባለፈው ክረምት ጎኑን ተመትቶ «እመቤቴ፣ ከተረፍኩ ጥላ ይዤ በእግሬ ደጅሽ እመጣለሁ» ብሎ ተስሎ ነበር፤ ተረፈ፤ መጣ። ጥላውን በእህቱ እጅ ላክ ብለው ቢለምኑት «እኔ ነኝ የተሳልኩት፣ እኔው አስገባለሁ» ብሎ እምቢ አለ። ይኸው ነው የሱ ነገር። ስለት ብሎ ነገር ከያዘ ጣሊያን ቢቆም መድፍ ቢቆም አይታየውም።

ሁለቱ ተስፋ ቆርጠው ሲወጡ እጄን ሳላደርቅ ወደ አጥሩ ሮጥኩ። ትርንጎ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ማርያም ልትወጣ ስትል አገኘኋት። የሰማሁትን በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። እደጇ ካለው ድንጋይ ላይ ዘጭ አለች።

«አስወጪው ትርንጎ! ምን ትቀመጫለሽ?»

«በየት ላስወጣው ዘሀራ? በአንበሳሜ መውጫ አስካሪ ቆሟል። በጋፋት መውጫ አስካሪ ቆሟል። የገባውን ዝም ብለው የወጣውን ወረቀት ይላሉ። ወረቀት ከየት ያምጣ?»

«እኔ ቤት ይደበቅ።»

«ቤት ለቤት እየገቡ ሰዉን ወደ ሜዳው እየነዱት እኮ ነው። ቤት የተገኘማ በዚያው ነው የሚያስሩት።»

ከማርያም በኩል ከበሮው ይሰማል፣ እልልታው ይሰማል፤ የሁለታችን ደጅ ብቻ ጭር ብሏል። ፊቱን በነጠላ ይሸፍን ልላት አፌን ከፍቼ ተውኩት። ጣሊያን ሞኝ አይደለም፤ ራሳችሁን ግለጡ ማለቱ አይቀርም። ታዲያ ምን ይሁን? ፎቶው ውስጥ መግባቱ ካልቀረ ፎቶው ራሱ ነው መበላሸት ያለበት። ግን የሰው ካሜራ፣ ያውም የመቶ አለቃ ካሜራ፣ እንዴት ተደርጎ ይበላሻል?

ይህን እያሰብኩ ቤት ስመለስ ከማል ቀድሞኝ ገብቷል። ቀድሞኝ ገብቷል ስል ቤቱን እያመሰው ነው። ካርቶኑን ገልብጦ፣ መደርደሪያውን በርብሮ፣ «ዘሀራ! ኩራዟ የት አለች? ኩራዟን አምጪልኝ!» ይላል በጠራራ ፀሐይ። ማለዳ መቶ አለቃው ራሱ አስጠርቶት አዲሱን ካሜራ ሲያሳየው ነበር ለካ፤ እነ ፈንታሁን ከመንገድ ተላልፈውት ነው። ከማል እንደሆነ ስለ ካሜራ ያነሱበት ቀን ምግብም አይፈልግ። ሰውየው ጣሊያን ይሁን ሰይጣን አይገደውም፤ ሌንስ ይዞ ይምጣ እንጂ። ኩራዟን ለኮስኩለት። የእሱን ሌንስ፣ ከምጽዋ ከአንድ ሽማግሌ ግሪክ የገዛውን የነሐስ ሌንስ፣ ከካሜራው ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመና ኩራዟን ፊት ለፊቱ ያዘ።

«ውስጡን እይና ነበልባሉን ቁጠሪ።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። መስታወቱ ውስጥ ትናንሽ ነበልባሎች አሉ፤ አንዱ ቀጥ ብሎ የቆመ፣ አንዱ ተዘቅዝቆ የተንጠለጠለ። አራት ቆጠርኩ።

«አራት! ልክ ነሽ። ሁለት መስታወት ነው ያላት፤ እያንዳንዱ ፊትና ጀርባ አለው፤ አራት። የመቶ አለቃውን በክብሪት አየሁት፤ ስድስት መስታወት ነው ያለው፣ ወላሂ ስድስት! አሥራ ሁለት ላይ ስደርስ ክብሪቱ ጣቴን አቃጠለኝ።»

«መብዛቱ ጥሩ አይደለም እንዴ?»

«ለጥላ ጥሩ ነው፤ ቤት ውስጥ ሳይቀር ያነሳል። ለፀሐይ ግን?» አለና ሳቁ መጣበት። እጁን እያወናጨፈ ያስረዳኝ ጀመር። ብርሃን መስታወት ውስጥ ሲገባ እንዳለ አያልፍም፤ ጥቂቱ ተመልሶ ወደ መጣበት ይሄዳል። መስታወቱ ሁለት ከሆነ የተመለሰው ጥቂት ነው፣ ይጠፋል። ስድስት ከሆነ ግን አንዱ የመለሰውን ሌላው ይቀበለዋል፣ ያ ደግሞ መልሶ ይሰደዋል፤ ውስጡ እየተንከራተተ ይቆይና መጨረሻ ላይ ፎቶው ላይ ይፈስሳል። ፀሐይ ከጀርባ ስትሆን አይታወቅም። ፊት ለፊት ስትመጣ ነው ጉዱ። «ወተት የተደፋበት ነው የሚመስለው» አለኝ፤ «ሰው ከሰው አይለይም።»

ልቤ ዘለለ! ሌላ ምን ልበላችሁ፣ ዘለለ። የፈለግሁትን በገዛ አፉ ነገረኝ። ድምፄን አለስልሼ «ያንተስ?» አልኩት።

«የኔማ!» አለና ከኪሱ ቆቧን አወጣ። ቆብ የሚላት ከቆርቆሮ ጠቅልሎ የሠራት፣ ውስጧን በጥላሸት ያጠቆራት አጭር ቱቦ ናት፤ ሌንሱ አፍ ላይ ትገጠማለች፣ ከጎን የሚመጣውን ብርሃን ትከለክላለች። «የኔ ቆቧን አድርጋ ፀሐይን ፊት ለፊት ብታይ ዓይኗን አታርገበግብም። መቶ አለቃው ዛሬ ‹ካሜራህን ይዘህ ና፣ ታግዘኛለህ፤ ማታ ሳይሆን እዚያው አንተ ቤት አጥበን እናየዋለን› ብሎኛል። እይ እንግዲህ!»

ምን ማለት እንደነበረብኝ አሁንም አውቀዋለሁ። «ከማል፣ ካሜራህን ቤት ተወው፤ የሰው ነፍስ አለበት» ማለት ነበረብኝ። ግን ከማልን የማታውቁት አትፍረዱብኝ። ይሄ ሰውዬ ውሸት አይሆንለትም። ትንሽ ነገር እንኳ ሲደብቅ ሁለት ጆሮው በርበሬ ይሆናል፤ እናቴን በመጀመሪያው ዓመት «የሠሩት ወጥ ይጣፍጣል» ብሎ እሳቸው እንኳ ሳቁበት። ደሳለኝን እንዳወቀ መቶ አለቃው ፊት ሲቆም ሁሉ ነገር ፊቱ ላይ ይነበባል። ስለዚህ ዝም አልኩ። ዝም ብዬ ሁለት ሥራ ሠራሁ። መጀመሪያ በአጥሩ በኩል ለትርንጎ «የማርያሙን ቄስ መምሬ ዘውዱን አግኚያቸው፤ ሕዝቡ ጀርባውን ለፀሐይ እንዲሰጥ ያድርጉ፤ እንዴት እንደሆነ እሳቸው ያውቁበታል» ብዬ ላክኋት። ሁለተኛ፣ ከማል ሊታጠብ ሲወጣ፣ አውራ ጣቴን በፀጉሬ ቅቤ ነከርኩና የዚያችን የምጽዋ ሌንስ ፊት ለቅልቄ ቆቧን መልሼ ገጠምኩባት። አላህ ይቅር ይበለኝ፤ ልጁን በጥፊ የመታሁበት ያህል ነው የተሰማኝ።

አሥር ሰዓት ላይ ሜዳው ሰው በሰው ሆኗል። ማርያም ከሜዳው በስተምሥራቅ ጉብታ ላይ ናት፤ ታቦቷ ወጥታ ደጇ ላይ ቆማለች፤ ጥላው ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወርቅማ፣ ብቻ ዓይን ይይዛል። ፀሐይዋ በስተምዕራብ፣ ከባሕር ዛፎቹ ራስ በላይ ነች፤ የጥር ፀሐይ ናት፣ ታሳውራለች። እኔ የሰሌዳ ሣጥኑን ተሸክሜ ከማልን ተከትያለሁ። ሰሌዳ የምንለው ፎቶው የሚቀረጽበት መድኃኒት የተቀባ ጠፍጣፋ ብርጭቆ ነው፤ መቶ አለቃው ግን የሚጠቀለል ፊልም ነው ያለው። ካሜራው በአንድ እጅ ይያዛል፤ ሌንሱ ፊቱ ላይ ተገልብጦ የተለጠፈ ሲኒ ያህላል። ሰውየው ቁመቱ አጭር፣ ፂሙን የተላጨ፣ ሲስቅ ጥርሱ ሁሉ የሚታይ ነው። ፎቶ ይወዳል። ሲሮጥ፣ ሲንበረከክ፣ በአንድ ዓይኑ ሲያጮልቅ፣ ከማልን ከማልን ይለኛል፤ አንዱ ነገር ባይኖርበት ይወደድ ነበር።

አስካሪዎቹ «ነጠላ ከራስ አውርዱ! ሁሉም ራሱን ይግለጥ!» እያሉ በዱላ ይደረድራሉ። መቶ አለቃው ማርያምና ታቦቷ ከኋላ እንዲታዩለት ፈልጓል፤ ሰዉ ጀርባውን ለቤተ ክርስቲያኑ፣ ፊቱን ለፀሐይ እንዲሰጥ አዘዘ። እንደሱ ከሆነ የእያንዳንዱ ሰው ቅንድብ ይቆጠራል። ዓይኔ ትርንጎን ፈለገ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ አየኋት፤ አጠገቧ ረዘም ያለ፣ አዲስ ጥላ የዘረጋ ሰው ቆሟል። ደሳለኝ ነው። ሰው ሁሉ ሲደናገጥ እሱ ቀጥ ብሎ ታቦቷን ያያል። መምሬ ዘውዱ የት ናቸው?

መጡ! መስቀላቸውን ይዘው፣ በዝግታ፣ ማንም እንደማያስቸኩላቸው ሆነው ከጉብታው ወረዱ። ፈንታሁን ትእዛዙን ሲነግራቸው አዳመጡት፣ ጨረሰ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ንገረው ልጄ። ታቦት ቆማ ጀርባችንን አንሰጣትም። ይህ በአባቶቻችን አልነበረም፣ በኛም አይሆንም። ፎቶ ካማረው ፊታችን ወደ እመቤታችን እንደሆነ ያንሳን፤ እሱ ከመሃል ገብቶ ይቁም። እሱ ጀርባውን ቢሰጣት በሱና በእግዜር መካከል ነው።»

ሕዝቡ ሆ አለ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት፤ ሰዉ ሁሉ ሳይታዘዝ ዞሮ ፊቱን ወደ ማርያም አደረገ። ፈንታሁን ሲያስተረጉም ቃሉ እየጠፋው ይንተባተባል። መቶ አለቃው ፊቱ ቀላ። አስካሪዎቹ ጠመንጃቸውን ነካ ነካ አደረጉ። ግን ቄሶቹን አታስቀይሙ የሚል ትእዛዝ በዚያ ሰሞን ከጎንደር መጥቶለት ነበር፤ ይህን አገር ያውቀዋል፣ መምሬም ያውቁታል። እጁን ግንባሩ ላይ ጋርዶ ፀሐይዋን አያት፣ ሌንሱን አየ፣ ከዚያ ሳቀ። «ሌንሴ ፀሐይ አይፈራም በላቸው» አለ። ተመስገን አልኩ በሆዴ። በቃ፣ ተፈጸመ፣ ደሳለኝ ተረፈ ስል፣ ከአጠገቤ የከማል ድምፅ መጣ!

«ፈንታሁን፣ እስቲ ንገርልኝ፤ ጌታዬ፣ የርስዎ ሌንስ ይህን ፀሐይ አይችለውም። የኔን ይሞክሩ፤ የኔ ይችላል።»

ክንዱን ቆነጠጥኩት። በጥፍሬ! «ምን ሆንሽ?» ብሎ ክንዱን አሻሸና ቀጠለ፤ ስድስት መስታወት፣ አራት ነበልባል፣ ብርሃን ሲገባ፣ ብርሃን ሲመለስ። አንቆ መያዝ ነው የቀረኝ። ፈንታሁን ደግሞ ነገር ሲያገኝ አይምርም፤ ጨምሮበት አስተረጎመ። መቶ አለቃው ቆርቆሮዋን ቆብ በጣቱ ጠቋቁሞ «ይህች ምንድን ናት፣ ሙቀጫ?» አለና አስካሪዎቹን አሳቀ። ከዚያ ግን ዓይኑ በራ፤ ውድድር የሚወድ ሰው ነው። ሁለታችንም እናንሳ አለ። ያሸነፈው ፎቶ በትልቁ ታትሞ ቢሮው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ የተሸነፈ ደግሞ «ተሸነፍኩ» ብሎ በሰው ፊት ይናገራል። ከማል «እሺ!» ሲል ልጅ ነው የሚመስለው።

እኔ ያለኝ ቅቤዬ ብቻ ነው። ከማል ካሜራውን በሦስት እግሩ አቆመ፤ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ ገባ፤ ቆየ። ብቅ አለ። ግንባሩን ቋጥሯል። እንደገና ገባ። እንደገና ወጣ። ቆቧን ነቀለ፣ ሌንሱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ አየ፣ አፍንጫውን አስጠጋ። ከዚያ ቀና ብሎ ፀጉሬን አየኝ።

«አንቺ ሴት!» አለ። ሳላውቅ ያደረግሁት መስሎታል። ከደረት ኪሱ ያችን ታጥባ ታጥባ የሳሳች መሐረብ አውጥቶ፣ ሌንሱ ላይ እፍ ብሎ፣ ወለወለ፤ ደግሞ እፍ፣ ደግሞ ወለወለ። ልጁን እንቅልፍ እንደሚያስወስድ አባት ቀስ ብሎ፣ አንዲት የቅባት ጭረት ሳያስቀር። ቆቧን ገጠመ። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

መቶ አለቃው ቀጭ አደረገ። በቃ፣ ጨረሰ፤ ከማልን ቆሞ ያየዋል። ከማል እጁን አነሳና «ወገኖቼ፣ ሁለት ስቆጥር ማንም እንዳይተነፍስ!» ብሎ ጮኸ። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ያ ሁሉ ሕዝብ ዝም አለለት። ከበሮው እንኳ ቆመ። ከቆቧ አፍ ላይ ክዳኑን አነሳ፤ «አንድ፣ ሁለት» አለ፤ መለሰ። ደሳለኝ በዚያች ሁለት ቁጥር ውስጥ ንቅንቅ አላለም፤ አየሁት፣ ሐውልት ነው። ምነው ምናለ ዝንብ እንኳ ቢያርፍበት! መቶ አለቃው በሌንሱ ስለተማመነ ሕዝቡ እንዲለቀቅ፣ ከመውጫዎቹም ጥበቃው እንዲነሳ ፈቀደ፤ የፈለገውን ፊት ሁሉ በሣጥኑ ይዟላ።

ቤታችን ስንደርስ ፀሐይዋ ገና በጨለማው ክፍል መስኮት በኩል ነበረች፤ መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ እንጋርደዋለን። መቶ አለቃውና ፈንታሁን ደጅ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ፤ በመድኃኒቱ ሽታ የተነሳ ውስጥ አይቆሙም። እኔና ከማል ገባን። ቀይዋን ፋኖስ ለኮስን። የመቶ አለቃውን ፊልም መጀመሪያ አጠብኩ፤ ወጣ፣ ብርሃን እንዳያጠፋው በማጽኛው መድኃኒት ነከርኩት፣ ከማል ወደ ፋኖሱ አንስቶ አየው። የኛ ሥራ ተገልብጦ ነው የሚነበበው፣ ነጩ ጥቁር፣ ጥቁሩ ነጭ። ፊልሙ ዳር እስከ ዳር ግራጫ ሆኗል፤ መሃሉ ላይ ክብ ክብ ነጠብጣቦች እንደ መቁጠሪያ ተሰካክተው ወርደዋል፤ የዛፎቹ ጫፍ ትንሽ ይታያል፤ ሰው የለም። አምስት መቶ ሰው እዚያ ሜዳ ላይ ቆሞ ነበር፣ አንድ አፍንጫ የለም። «አላልኩሽም?» አለ ከማል በሹክሹክታ፤ «አላልኩም?»

ከዚያ የራሱን ሰሌዳ መድኃኒቱ ውስጥ አስገባ። ሳህኑን ቀስ ብሎ ያወዛውዘዋል። መጀመሪያ ሰማዩ መጣ፤ ቀጥሎ ጥላዎቹ፤ ቀጥሎ ሰዉ፤ ከዚያ ፊት፣ ፊት፣ ፊት! ሱብሃነላህ! ፀሐይዋ ከላይ ክብ ብላ ቁጭ ብላለች፤ ከሷ ሥር ያለው ሁሉ ጥርት ያለ ነው፤ ነጠብጣብ የለ፣ ወተት የለ። ስንት ዓመት አብሬው ሠርቻለሁ፤ እንዲህ ያለ አላየሁም። የከማል እንባ በጉንጩ ወርዷል፤ ግድግዳው ወሬ ስለሚያሳልፍ ያንሾካሹካል። «እይው ዘሀራ፣ እይው! የሴትዮዋ ጉትቻ! ይህን ደግሞ ረዥሙን ሰውዬ እይው፤ ፊቱ ጥላ ውስጥ ነው እኮ፣ ግራ ቅንድቡን ለሁለት የከፈለችው ጠባሳ እንኳ አልቀረችም። ማን ይሆን? እንዴት ያለ ፊት ነው!»

ጣቱ ያረፈው ደሳለኝ ላይ ነው። ከዚያ ሁሉ ፊት!

«ከማል» አልኩት ጆሮው ሥር፤ «ሰውየው የትርንጎ ወንድም ነው። ጫካ ነው ያለው። ፎቶው ያስፈለገው እሱን ለመያዝ ነው። ይህ ከዚህ ክፍል ከወጣ ይሰቅሉታል።»

የሳህኑ መወዛወዝ ቆመ። ከደጅ የመቶ አለቃው ሳቅ ይሰማል። ከማል ሰሌዳውን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ሰሌዳውን አየ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ፊትህ አይችልም።»

«ቅቤውም…»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣም። ፈንታሁን በሩን አንኳኳ፤ «ምነው፣ አልጨረሳችሁም? ጌታው እየጠበቁ ነው!» አለ። ከማል በሹክሹክታ፣ ልጅ ወተት እንደሚለምን አድርጎ፣ «አንድ ጊዜ በደንብ እይልኝ» አለኝ። ሰሌዳውን በጠርዝ በጠርዙ ይዞ ወደ ቀዩ ፋኖስ አነሳልኝ። አየሁለት። ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ ረድፍ በረድፍ፣ ዓይኔን ሳልነቅል አየሁለት። «ጨረስሽ?» አለኝ። «ጨረስኩ» አልኩት። ሰሌዳውን መልሶ መድኃኒቱ ውስጥ አስተኛውና፣ በአንድ እጁ ሳህኑን እያወዛወዘ፣ በሌላው ብርድ ልብሱን ከመስኮቱ ላይ ገፈፈው። ፀሐይዋ ገባች። ያልጸና ሰሌዳ ብርሃን ሲያገኘው ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ግን እንዲህ ይፈጥናል አላልኩም። ፊቶቹ ግራጫ ሆኑ፣ ከዚያ ጠቆሩ፣ ከዚያ እንደ ምጣድ ቂጥ ሆኖ ቀረ። ከማል እስኪያልቅ ድረስ ማወዛወዙን አልተወም።

መቶ አለቃው ፊልሙን በብርሃን ሲያየው ፊቱ ተለዋወጠ። ገለበጠው፣ መልሶ ገለበጠው። ከዚያ ዓይኑን እኔ ላይ አሳረፈ። ፈንታሁን «ሴትዮዋ ስታጥብ ነው ያበላሸችው ይላሉ» ብሎ አስተረጎመ፤ እሱ ራሱ ፈርቷል። ከማል ያኔ ወጣ፣ ያን ጥቁር ብርጭቆ በሁለት እጁ እንደ መባ ይዞ።

«ጌታዬ፣ ሴትዮዋ ምንም አላጠፋችም። ፀሐይዋ ናት። የኔን ይዩት፤ ጨርሶ በልታዋለች። የርስዎ ቢያንስ ዛፉ ይታያል።» ብርጭቆውን ዘረጋለት። «ተሸነፍኩ።»

ጆሮዎቹ በርበሬ ሆነዋል! ሁለቱም! ማን ቢያየው ይዋሻል ይል ነበር፤ መቶ አለቃው ግን የኀፍረት መሰለው። ብርጭቆውን ወደ ሰማይ አንስቶ አየ፤ ምንም የለም፤ ጥፍሩን እንኳ አሻግሮ ማየት አልቻለም። ሳቅ ጀመረ። ሆዱን ይዞ ሳቀ፣ ዓይኑን እየጠረገ ሳቀ፤ የመጣበትን ጉዳይ ረሳው። ከማልን ትከሻውን እየመታ ደጅ አወጣውና፣ ከንግሥ የሚመለሰው ሰው ሁሉ እየሰማ እንደገና አስደገመው። «ተሸነፍኩ» አለ ከማል፤ «የኔ ሌንስ ፀሐይ አትችልም።» ከሁሉም ይህችኛዋ ናት ያቃጠለችኝ። መቶ አለቃው ያን ግራጫ ነገር በትልቁ አሳትሞ ቢሮው ሰቀለው፤ ጣሊያን ከአገር እስኪወጣ ድረስ እዚያው ነበር፤ ጠቋሚው ዓይኑ እስኪፈስ ቢያፈጥበት ከባሕር ዛፍ በቀር የጠቆመው የለም።

ጀምበር ሳትጠልቅ ትርንጎ መጣች። በአጥሩ በኩል አይደለም፣ በበሩ፣ እየሮጠች። ደሳለኝ ጥላውን አስረክቦ፣ ጠበል ጠጥቶ፣ ከሚመለሰው ሕዝብ ጋር ተቀላቅሎ ወጥቷል፤ አንድም ሰው ቁም አላለውም። አቅፋኝ አለቀሰች፣ ጉንጬን ሳመች፣ ከዚያ ወደ ከማል ዞራ እግሩ ላይ ልትወድቅ ጎንበስ አለች። ከማል መሬት ላይ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሌንሷን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ምርቃቷን ሁሉ የሰማ አይመስልም። በመጨረሻ ቀና አለ።

«ትርንጎ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ወንድምሽ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው?»

ደነገጠች። «አዎን፤ በልጅነቱ ወይፈን ወግቶት። ቅንድቡን ለሁለት ከፍሎበታል። ምነው? አንተ አይተኸው አታውቅ፤ ማን ነገረህ?»

«አለው!» ብሎ ከመሬት ተስፈንጥሮ ተነሳ። «አለው! ዘሀራ፣ ሰማሽ? ፊት ለፊት በፀሐይ! ሰማሽ አይደል? ጠባሳው ሳይቀር…» መንገዱ ላይ ሰው ያልፋል፣ ፈንታሁንም ገና ሩቅ አልሄደም። ዘልዬ አፉን በሁለት እጄ አፈንኩት። ከመዳፌ ሥር ይስቅ ነበር።